ቡናማዎቹ ብልቃጦች

ሰኞ ጠዋት እታለም የቅመማ ክፍሉን ሲከፍቱ መጀመሪያ የደረሳቸው የፍሪጁ ድምፅ ነበር። እንደ ደከመ ሰው ያለማቋረጥ ያቃስታል። ሊከፍቱት እጃቸውን ቢዘረጉ በሩ ቀድሞውንም ወለል ብሏል። መደርደሪያዎቹን ከላይ እስከ ታች ዳበሱ። ቅዳሜ ጠዋት በገዛ እጃቸው ሞልተው የደረደሯቸው ብልቃጦች አንዳቸውም የሉም።

እህታቸው እስክትመጣ አልጠበቁም። ፖሊስ ጠሩ፤ ሌባዋ ማን እንደሆነችም በዚያው ስልክ ተናገሩ።

ኢንስፔክተሯ ከሳጅኑ ጋር ስትደርስ ያገኘችው ሥርዓት ያለው ትንሽ ቤት ነው። ከፊት መሸጫ፣ ከኋላው የቅመማ ክፍል፣ ከጎኑ የዕቃ ማጠቢያ፣ መጨረሻ ላይ መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት። የቅመማ ክፍሉ አምፖሎች ዓይን ይወጋሉ፤ ሳጅኑ ገና ሲገባ በእጁ ግንባሩን ጋረደ። እታለም ስድሳን ያለፉ፣ ነጭ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሴት ናቸው። ሠላሳ ዓመት በመድኃኒት ቤት ቀማሚነት ሠርተው ነው ይህን ቤት ከእህታቸው ጋር የከፈቱት።

«ቀለበትህን አውልቅ ልጄ» አሉት ሳጅኑን፣ እንደ ጨበጣቸው። «እዚህ ክፍል ቀለበት፣ ሰዓት፣ የጥፍር ቀለም አይገባም።»

«በቅርቡ ነው ያገባሁት እናቴ። ባወልቀው ሚስቴ ሌላ መዝገብ ታስከፍትብኛለች።»

«ኪስህ ውስጥ አይጠፋም።»

አወለቀው።

የመግቢያው ቁልፍ አልተነካም። የዕቃ ማጠቢያው መስኮት ግን ተከፍቶ ነበር። ሳጅኑ አንገቱን አሹልኮ አየና መለሰው። «ለቀጭን ሰው ይበቃል። እኔ ብሞክረው እዚሁ ተሰንቅሬ ታገኙኝ ነበር።»

«ምንድን ነው የተወሰደው?» ጠየቀች ኢንስፔክተሯ።

«ቫይታሚን ሲ። የፊት ሴረም ነው። ዛሬ ከሰዓት ለቆዳ ክሊኒኩ የምናስረክበው ዙር።»

«ሌላስ?»

«ሳጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ እንዳለ ነው። ሚዛኑም አለ፤ ያ ሚዛን ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ይወደዳል። አልነካችውም።»

«አልነካችውም?»

«ልጅቷ ናት» አሉ እታለም፣ ፊታቸውን መለስ አድርገው። «ጭምቷ። ስለማትናገር ነው እንዲህ የምንላት። ብልቃጥ የምትሞላልኝ፣ ሙያዬን ያስተማርኳት ልጅ ናት። ባለፈው ወር አባረርኳት። አሁን ደግሞ እንደገና ልቀምም ብል በምን እሞላዋለሁ? ባዶ ብልቃጥ አልቋል፣ የታዘዘው ገና አልመጣም።»

«ይኼ ነገር ያን ያህል የሚያሰርቅ ነው?»

እታለም ስለ ሙያቸው ሲጠየቁ ድምፃቸው ይለሰልሳል። «ለተስማማው ሰው እሰየው ነው። ፊት ያፈካል፣ ጥቁር ነጥብ ያሳሳል። ጠዋት ጠዋት ከፀሐይ መከላከያ በፊት ሲቀባ ቆዳውን ከጉዳት ያግዘዋል። ግን ወራት ይፈልጋል። ሰው ደግሞ ሠርጉ ሲደርስ ይመጣና ለነገ አብሪኝ ይለኛል።»

«ችግርስ የለውም?»

«አመሉ ነው ችግሩ። አሲድ ስለሆነ ስስ ቆዳ ላይ ከበዛ ይለበልባል። ብርሃን አይወድም፣ አየር አይወድም፣ ሙቀት አይወድም። ለዚህ ነው በቡናማ ብልቃጥ ሞልቼ ፍሪጅ የማስገባው። ደህናው እንደ ውኃ የጠራ ነው። ሲበላሽ ቢጫ ይላል፣ እየቆየ ይቀላል፣ ከዚያ የነካውን ያቀልማል። ጥፍር ከያዘማ አይለቅም። እንዲያ ከሆነ በኋላ ፊት ከማሳከክ ሌላ ሥራ የለውም።»

ይህን እያሉ የሳጅኑን አገጭ በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት። «ምላጭህ ደንዟል። ከታች ወደ ላይ ነው የምትላጨው፣ አይደል?»

«ማን ነገረዎት?»

«አገጭህ ላይ ያሉት እባጮች ነገሩኝ።» ከዚያ የኢንስፔክተሯን ጉንጭ በጣታቸው ጀርባ ነኩ፤ ፊታቸውን ወደ ፊቷ አስጠግተው ትንሽ ቆዩ። «አንቺ ግን የታደልሽ ነሽ። ጥርት ያለ ፊት። የኔ ነገር አያስፈልግሽም።»

ኢንስፔክተሯ ፊቷ ሞቀ። ልጇን ከወለደች ወዲህ መስታወት ፊት ብዙ አትቆምም፤ ስለ መልኳ ደግ ቃል ከሰማችም ቆይታለች። ሳጅኑ ወደ ኮርኒሱ ቀና ብሎ ሳል አለው።

በሩ ላይ የቆመችውን ሴት ያዩዋት ያኔ ነው። የእታለም ታናሽ እህት ናት። ኬሚስትሪ የተማረች፣ ሽያጩንና ደንበኛውን የምትይዝ፣ አርባ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት ሴት ናት። እናታቸው ሲሞቱ ያሳደጓት እታለም ስለሆኑ እስከ ዛሬ «ሚጣ» ነው የሚሏት።

«ፖሊስ ጠራሽ?» አለች ሚጣ።

«ታዲያ ማንን ልጥራ? ሐኪም?»

«መጀመሪያ ልትነግሪኝ ትችይ ነበር።»

«ይኸው ነገርኩሽ። ተዘርፈናል።»

ሚጣ እጆቿን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከታ ነበር። ወንበር ልትስብ ስታወጣቸው ኢንስፔክተሯ ጥፍሮቿን አየች። ጥቁር ቀይ ቀለም፣ ቸኩሎ የተቀባ። ስለ ቀለበትና ስለ ጥፍር ቀለም ገና አሁን የተነገረውን ሕግ አስታወሰች። በእንዲህ ያለ ጠዋት ስለ ጥፍር ማን ይጠይቃል?

«ከያንዳንዱ ዙር አንድ ናሙና ቀለሙ እንዲታይ በነጭ ብልቃጥ አስቀራለሁ» አሉ እታለም መሳቢያ እየከፈቱ። «ሰው ቅሬታ ካመጣ የምናየው እሱን ነው።» ጣታቸው በተደረደሩት ትንንሽ ብልቃጦች ላይ ሮጠና መጨረሻው ላይ ቆመ። የመጨረሻው ጉድጓድ ባዶ ነው። «እሱንም ወስዳዋለች። አያችሁ? ቤቱን የሚያውቅ ሰው ነው።»

ሚጣ መስኮቱን ለመዝጋት ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄደች።

*

ጭምቷን ያገኟት ፀጉር ቤት ውስጥ የደንበኛ ራስ ስታጥብ ነው። ሳጅኑ ገና ሲያያት ወደ ኢንስፔክተሯ ጆሮ ጠጋ ብሎ «በዚያ መስኮት ሁለት ጊዜ ታልፋለች» አለ። ጣቶቿ እስከ ጥፍሯ ድረስ ቡናማ ሆነዋል።

«ጣትሽ ምን ሆኖ ነው?»

«የፀጉር ቀለም ነው።»

«ጓንት አታደርጊም?»

«ሲኖር አደርጋለሁ።»

«እታለም ለምን አባረሩሽ?»

«አልተግባባንም።»

«በምን ጉዳይ?»

«በሥራ።»

«ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበርሽ?»

ልጅቷ ፎጣውን አጣጠፈች፤ ዘርግታ እንደገና አጣጠፈችው። መልስ የሰጠችው የፀጉር ቤቱ ባለቤት ናት። «ፈቃድ ጠይቃኝ ወጣች። ቅዳሜን። እዚህ ሥራ ላይ ቅዳሜ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«የት ሄድሽ?» ደገመች ኢንስፔክተሯ።

«ጉዳይ ነበረኝ።»

«ይህ መልስ ጣቢያ ያስኬድሻል፣ እህቴ» አላት ሳጅኑ፤ አነጋገሩ የምክር ነበር።

«እሺ።»

ሽርጧን ፈታች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ «እታለም ደህና ናቸው? በጣም ደነገጡ?» አለች። 

የፀጉር ቤቱ ባለቤት እስከ መንገዱ ሸኘቻቸው። «እስከ ረቡዕ ከተመለሰች ቦታዋ ይጠብቃታል። ከዚያ ሌላ ሰው አስገባለሁ። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ የሰው ፀጉር ቀጠሮ አያውቅም።»

*

«ጣቷ ቀልሟል፣ ቤቱን ታውቃለች፣ ቂም አላት፣ የነበረችበትን አትናገርም» አለ ሳጅኑ ማታ መዝገቡን እየዘጋ። «ዓቃቤ ሕጉ ረቡዕ ጠዋት ይፈልገዋል። ያለቀ ነገር ነው።»

«የተሰረቀበት ሰው ደህና ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሌባ ገጥሞህ ያውቃል?»

«ትሑት ሌባ ትሆናለቻ።»

ኢንስፔክተሯ የተማረችው ሩቅ አገር ነው። እዚያ «መጀመሪያ ማን ተጠቀመ ብለሽ ጠይቂ» ብለው አስተምረዋታል። ከተመለሰች ወዲህ ግን ጥያቄው ከሰዎቹ ጋር አልገጥም ይላታል። ሰው ተጠቅሞ የሚሠራውን ያህል ተጎድቶም ይሠራል፤ ለሌላው ብሎም ይሠራል። ለዚያ የሚሆን ጥያቄ አላስተማሯትም፤ ወይም ክፍል ውስጥ ስታንጎላጅ አምልጧታል።

ማክሰኞ ጠዋት ከእታለም ቤት ማዶ ወዳለው የኮስሞቲክስ ነጋዴ ሄዱ። ሰውየው የሴረሙን ቀመር እንዲሸጡለት ደጋግሞ ለምኗቸው እንደነበር ጎረቤት ሁሉ ያወራል።

«እኔ? ያንን ልስረቅ?» ሆዱ እስኪነቃነቅ ሳቀ። «እመቤቴ፣ ሌባ የሚሰርቀው ነገ የሚሸጠውን ነው። ያ ነገር ከፍሪጅ ወጥቶ እኔ ሱቅ ፀሐይ ላይ ትንሽ ከቆየ ሻይ ይሆናል። ሰርቄ ፍሪጅ ተሸክሜ ልዙር?»

«ቀመሩን ግን ፈልገሃል።»

«ለምኛለሁ፣ አልክድም። እታለም ፊቴን ዳብሰው 'የምትሸጠውን ክሬም ራስህ አትቀባውም፤ ጎበዝ' ብለው ሸኙኝ።»

«ቅዳሜ ከሰዓትስ?»

«የአማቴን ዕቃ ሳመላልስ ዋልኩ። ቤት ቀይረው ነው። የሚስቴ ወንድሞች በሙሉ ምስክሬ ናቸው፤ ሁሉም ይጠሉኛል፣ ስለዚህ ለኔ ብለው አይዋሹም።»

አልዋሹም። ሳጅኑ ሦስቱን አነጋግሮ መጣ። «ዕቃ መሸከሙን አምነዋል፤ ሲሸከም ግን ሰነፍ ነው ይላሉ።»

ኢንስፔክተሯ የነጋዴው ነገር ከአእምሮዋ አልወጣም። እጅ ላይ የሚበላሽ ዕቃ፣ ያልተነካ ሚዛን፣ ማንም የማይገዛው ናሙና። ይህን የወሰደ ሰው ሊሸጠው አልነበረም። ክሊኒኩ እንዳይደርስ ነው የፈለገው።

«ክሊኒኩ እንሂድ» አለች።

*

የቆዳ ሐኪሟ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ ኢንስፔክተሯን አየቻትና፣ ገና ሳትቀመጥ፣ «ማዲያቱ የጀመረሽ ከወሊድ በኋላ ነው?» አለቻት።

ኢንስፔክተሯ መታወቂያዋን እንደያዘች ቆመች። «ይታያል?»

«ከበሩ ነው ያየሁት። ሁለቱም ጉንጭሽ ላይና ከከንፈርሽ በላይ። አትጨነቂ፣ ቀስ እያለ ይሳሳል።»

«ለሥራ ነው የመጣሁት» አለች ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ፤ ሐሳቧ ግን አምፖሎቹ ዓይን ወደሚወጉበት ክፍል ሄዶ ነበር። እነዚያ ጣቶች ጉንጯን ነክተው ልስላሴውን አግኝተዋል። ማዲያት ደግሞ ለጣት አይሰማም።

ስለ ሴረሙ ጠየቀቻት። ሐኪሟ ተነፈሰች። «እታለም የቀመመችው ለዓመታት እምነቴ ነበር። ባለፈው ወር የመጣው ግን ደህና አልነበረም። ቀለሙ ቢጫ ነው፤ ታካሚዎች ፊታቸው ቀልቶ መለሱልኝ። ለታናሽ እህቷ ደወልኩላት። የሚቀጥለው እንዲህ ከመጣ ውላችን ያበቃል አልኳት።»

«ምን መለሰች?»

«'እባክሽን ለእህቴ አትደውይላት' አለችኝ።»

ደረጃውን ሲወርዱ ኢንስፔክተሯ መሀል ላይ ቆመች።

«ሳጅን፣ ፊቴ ላይ ማዲያት አለ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ኢንስፔክተር።»

«ሳጅን።»

«አለ። ትንሽ።»

«ትንሽ?»

«መካከለኛ።»

«እታለም ጥርት ያለ ፊት ሲሉኝ ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ሳጅኑ ቆቡን አስተካከለ። «ደስ ብሎዎት ነበር።»

*

ጭምቷ በጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ እጆቿን ጭኖቿ መሀል አድርጋ ተቀምጣለች። ኢንስፔክተሯ ወረቀትም እስክሪብቶም ሳትይዝ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እታለም አያዩም፣ አይደል?»

ልጅቷ ቀና አለች። ዓይኗ ወዲያው ሞላ። «እኔ አልተናገርኩም።»

«አልተናገርሽም። ራሴ ነኝ የደረስኩበት።»

«ሌላ ሰው ያውቃል? ክሊኒኩ ያውቃል?»

«እነሱ ቢጫ መሆኑን ነው የሚያውቁት። ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበርሽ?»

ጭምቷ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ከጀመረች በኋላ ቃላቱ ተከታትለው ወጡ። «ዓይን ሕክምና። እናቴ ናት ብዬ ምልክቱን ነገርኳቸው። ጭጋግ፣ መብራት ሲበዛ መንጸባረቅ፣ ቢጫና ነጭ መምታታት። የዓይን ሞራ ይመስላል፣ በቀዶ ጥገና ይወጣል አሉኝ። ለሐሙስ ቀጠሮ ያዝኩላቸው። እንዴት አድርጌ እንደምወስዳቸው ግን አላውቅም። ከቤታቸው አባረውኛል።»

«የተባረርሽው ቢጫ ሆኗል ስላልሽ ነው?»

«የቫይታሚኑ ዱቄት ዕቃ ክዳኑ ሳይጠብቅ ሰንብቶ እርጥበት ገብቶታል። ዱቄቱ ራሱ ቀልሞ ነበር። ነገርኳቸው። 'ሠላሳ ዓመት የቀመምኩትን አንቺ ልታሳዪኝ?' አሉኝ። አልፈርድባቸውም። ሰው ዓይኑን ተሳሳትክ ሲሉት ምን ይላል?»

«ይህን ትናንት ብትነግሪኝ ቤትሽ ታድሪ ነበር።»

«እሳቸውስ?» አለች ልጅቷ። «ሰው ከሰማ እኮ ያ ክፍል ይዘጋባቸዋል።»

ሳጅኑ ወደ ዓይን ሕክምናው ደወለ። እንግዳ ተቀባይዋ በደንብ ታስታውሳታለች፤ ከሰዓቱን ሙሉ ወረፋ ጠብቃ፣ ራሷ ሳትታይ ለሰው ቀጠሮ ይዛ የሄደች ልጅ። ስልኩን ሲዘጋ ሳጅኑ ምንም ቀልድ አልቀለደም።

*

ከሰዓት በኋላ ሚጣ መሸጫው ውስጥ ነበረች። እታለም ከኋላ ሚዛናቸውን ሲያጸዱ ይሰማል። ኢንስፔክተሯ ዕቃ ቤቱን ለማየት ጠየቀች።

«ትናንት አይታችሁት የለም እንዴ?» አለች ሚጣ።

«ያየነው መስኮት ያለበትን ክፍል ነው። ይሄ መስኮት ስለሌለው ማንም አላየውም።»

ኢንስፔክተሯ መብራቱን ስታበራ፣ ረጅሙ መደርደሪያ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ አየችው። ቡናማ ብልቃጦች፣ ታጥበው፣ በነጭ ጨርቅ ላይ አፋቸው ተደፍቶ፣ ተስተካክለው ተሰልፈዋል። ከመሀላቸው አንዲት ነጭ ብልቃጥ አለች።

«ባዶ ብልቃጥ አልቋል ብለውኝ ነበር እህትሽ። የታዘዘው መጣ?»

 «ገና» አለች ሚጣ።

«ዕቃው ከቤት አልወጣም ማለት ነው። መስኮቱን የከፈተው ሰውም ከውስጥ ነው የከፈተው። ለምን ሰብረሽ አልጣልሽውም?»

«ብልቃጥ እንዴት ይሰበራል?» አለች ሚጣ፤ ከልቧ ነበር። «አንድ ሲሰበርባት እታለም ቀኑን ሙሉ ታዝናለች።» ከዚያ የተናገረችው ራሷን አስደነገጣትና የዱቄት ካርቶን ላይ ተቀመጠች።

«ጥፍርሽን መቼ ነው የቀባሽው?»

«እሑድ። ብፈትገው ብፈትገው አልለቅ አለኝ።» እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። «ቅዳሜ እሷ ከወጣች በኋላ ናሙናውን ብርሃን ላይ ያዝኩት። ሻይ ነው፣ እግዜር ያሳይሽ፣ ሻይ። ዝም ብዬ ባስረክበው ሰው ፊት ይጎዳል። ተበላሽቷል ብላት ደግሞ መልሷን አውቀዋለሁ። ያቺን ልጅ ምን እንዳደረገቻት አይቻለሁ። ሌባ ወሰደው ብትባል አንድ ቀን ታለቅሳለች፣ በማግስቱ እንደገና ትቀምማለች፤ ያኔ እኔ አጠገቧ ሆኜ ሳታውቅብኝ አይላታለሁ ብዬ ነው። ፖሊስ ትጠራለች አላልኩም።»

«ልጅቷ ስትያዝስ?»

«ማስረጃ የለም፣ ይለቋታል አልኩ።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ትናንት ሌሊቱን አልተኛሁም።»

«እሷም አልተኛችም። ዓይናቸው መድከሙን ላለመናገር ብላ ነው የታሰረችው። እስከ ነገ ካልወጣች ሥራዋም ይሄዳል።»

ሚጣ ፊቷን በቀለሙ ጥፍሮቿ ሸፈነች። «እናቴ ናት እኮ፣ ገባሽ? ጫማዬን ያሰረችልኝ፣ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከዚህ ክፍል ካስወጣኋት ምን ይቀራታል?»

ኢንስፔክተሯ ከካርቶኑ አጠገብ ቁጢጥ አለች።  «እኔ ልንገራቸው ወይስ አንቺ?»

*

ሚጣ ከመደርደሪያው አንድ ብልቃጥ አንስታ ወደ ቅመማው ክፍል ገባችና እታለም እጅ ላይ አስቀመጠችው።

እታለም ጣታቸውን በአፉ ዙሪያ አዞሩ። አሸተቱት። «የኛ ነው። ታጥቧል። ከየት አገኘሽው?»

«ዕቃ ቤት።»

«ዕቃ ቤት ብልቃጥ የለም።»

«አለ፣ እታለም።»

ሴትየዋ ተነሡ። ማንም አልመራቸውም፤ ቤቱን ያውቁታል። ዕቃ ቤት ገብተው እጃቸውን መደርደሪያው ላይ አሳረፉና ከዳር እስከ ዳር እያስኬዱት ሄዱ። ብልቃጦቹ በየተራ ቀጭን ድምፅ ሰጡ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ እጃቸው እዚያው ቀረ።

«ትናንት ጠዋት እዚህ ገብቼ ነበር» አሉ። «ፖሊሶቹ እስኪመጡ። እዚሁ ቆሜ ነበር።»

እጃቸውን ከመደርደሪያው አነሱ።

«ምን ይመስል ነበር?»

«ሻይ» አለች ሚጣ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

እታለም ፊታቸውን ወደ አምፖሉ አነሱ። «እኔ አምፖሎቹ ናቸው ብዬ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «አምፖሉ ደከመ ብዬ ስቀይር፣ ስቀይር ከረምኩ።»

ሚጣ ሄዳ ከኋላ አቀፈቻቸው። እታለም የታቀፉበትን እጅ ያዙና ጥፍሮቹን ዳበሱ፤ የቀለሙን ልስላሴ አገኙት። ምን እንደሆነ አልጠየቁም። እጇን በጣም አጥብቀው ያዙት።

«ቢጫ ነው ስትለኝ ሰደብኳት» አሉ። «የት ናት ልጄ?»

*

ሳጅኑ መዝገቡን ይዞ መተላለፊያው ላይ ቆሟል። «ምን ብዬ ልዝጋው?»

«ንብረቱ ከባለቤቶቹ ቤት አልወጣም በለው» አለች ኢንስፔክተሯ። «እውነትም ነው። ከዚያ ፀጉር ቤቱ ደውልና ነገ ሥራ እንደምትገባ ንገራት።»

«ወደ እታለም ቤት ብትመለስስ?»

«እሱን እነሱ ይወቁበት። ቦታዋ ግን ይጠብቃት።»

እታለም ነጭ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ነው የመጡት። ሚጣ ክንዳቸውን ልትይዝ ብትሞክር «ተይኝ፣ ደረጃውን አውቀዋለሁ» አሉ፤ ጣቢያ ገብተው ግን አያውቁም። አንደኛው ደረጃ ላይ ተደናቀፉ። ሚጣ ያዘቻቸው። አልተቆጡም።

ጭምቷ ከውስጥ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ስታያቸው ጣቶቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

«መጣች?» አሉ እታለም።

«መጥቻለሁ» አለች ልጅቷ።

«አሳስሬሻለሁ።»

«ምንም አይደል፣ እታለም።»

«ምንም አይደል አትበይኝ። ምንም ነው።» አንድ እርምጃ ወደ ድምፁ ተጠጉ። «ሐሙስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዘሽልኛል አሉ። እናቴ ናት ብለሽ።»

ልጅቷ ወደ ኢንስፔክተሯ ተመለከተች፤ ኢንስፔክተሯ መሬት መሬት አየች። «ሌላ ምን ልበላቸው?» አለች ጭምቷ።

«ያማል?»

«አያምም አሉኝ። አንዱን ዓይን መጀመሪያ፣ ሌላውን በኋላ። ከሱ በኋላ ነጩን ነጭ ያዩታል አሉ።»

«ካልተሳካስ?»

ጭምቷ አሰበች። የምትዋሽ ልጅ አይደለችም። «ካልተሳካ እርስዎ ይቀምማሉ፣ እኔ አይልዎታለሁ።»

እታለም እጃቸውን ዘረጉ። ይህን ያህል ጊዜ ሰው ፊት እጃቸውን የሚዘረጉት ዕቃ የሚፈልጉ አስመስለው ነበር፤ አሁን አላስመሰሉም። እጃቸው ከልጅቷ ትከሻ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ጎን ስቶ ባዶ አየር ላይ ቆመ።

ጭምቷ ስንዝሯን ራሷ ተጠጋች።